የተባረሩት ያቆሙት መንደር

ባዕድ አገር የገባ ሰው ቶሎ የሚናፍቀው ቋንቋውን ነው ይባላል። እኔን የገጠመኝ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ደቡብ ስፔይን ውስጥ፣ ከማላጋ ከተማ በስተምሥራቅ ከአምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከተራራ ወገብ ላይ በተንጠለጠለች አንዲት ነጭ መንደር ቁርስ ልበላ ከአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ ከጓደኛዬ ጋር የምታወራውን ሳልረዳ ተቀምጬ ሳለ፣ ከንግግሯ መካከል የማውቃቸው ቃላት ብቅ ብቅ ይሉ ጀመር። ለቡናዬ «አሱካር» እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ስኳር ማለቷ ነው። ለዳቦዬ «አሴይቴ» አመጣችልኝ፤ ዘይት ነው። ለምሳ «አሮስ» እንደሚኖር ነገረችን፤ ሩዝ። «ሊሞን»ም አለ፤ ሎሚ። ከጀርባዋ ያለውን የዕቃ ማከማቻ ክፍል «አልማሴን» ስትለው ደግሞ መጋዘን ማለቷ መሆኑን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ጓደኛዬ ስፔይን ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ የአገሬ ልጅ ነው። መገረሜን አይቶ ሣቀና «ለእነሱም ለእኛም አበዳሪው አንድ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዘይት ከግዕዙም ጀምሮ ያለ፣ የሴማውያን ቋንቋዎች የሚጋሩት ቃል ነው። የሌሎቹ ግን አሻራው የዐረብኛ ነው። እኛ ዘንድ እነዚህ ቃላት ከነጋዴ ሸክምና ከጉርብትና ጋር ገቡ። እዚያ ግን ቃላቱን ይዘው የመጡት ሰዎች መሬቱን አርሰው፣ ውሃውን ጠልፈው፣ ቤቱን ሠርተው፣ ወደ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ከኖሩበት በኋላ ተነቅለው ተባረሩ። ቃሉ ቀረ፤ ቤቱም ቀረ፤ ቦዩም ዛሬ ድረስ ውሃ ይወርድበታል። ይህ ጽሑፍ ስለዚህች መንደር ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።)

መንደሪቱ ፍሪሂሊያና ትባላለች። ከባሕር ጠለል በላይ 300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከኔርሃ የባሕር ዳርቻ ከተማ ስድስት ኪሎ ሜትር ገባ ብላ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ሦስት ሺህ ያህል የሆኑ ትንሽ መንደር ናት። ከጀርባዋ የአልሚሃራ ተራሮች ቆመዋል። ከፊቷ የሜዲትራኒያን ባሕር ተዘርግቷል፤ ከባሕሩ ማዶ አፍሪቃ ነው።

ባሪባርቶ የሚባለው የላይኛው አሮጌ ሰፈር ሐረር ጀጎልን ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ጠባብ ነው፤ ይጠመዘዛል፤ በደረጃ ይወጣል፤ አንዳንዴም ከሰው ደጃፍ ደርሶ ይቆማል። ቤቶቹ በኖራ የተለሰኑ ናቸው፤ ያንዱ ጣራ ከሌላው ወለል ጋር ይስተካከላል። መሬቱ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የተነጠፈ ሲሆን ጠጠሩ በአበባና በሐረግ ቅርጽ ተደርድሯል። በየመስኮቱ የአበባ ማሰሮ ተሰቅሏል። መንገዱ የጠበበው መሬት አንሶ ብቻ አይደለም። ጠባብ መንገድ ለበጋው ፀሐይ ጥላ ነው፤ ለጠላት ፈረሰኛ መሰናክል ነው፤ ለቤተሰብም ከአላፊ አግዳሚ ዓይን መጋረጃ ነው።

ይህ ውበት ዝናን አትርፎላታል። በ1982 የስፔይንን መንደሮች ለማስዋብ በሚደረገው ብሔራዊ ውድድር አንደኛ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ጎብኚው በአውቶቡስ ይጎርፋል። ከእንግሊዝ፣ ከጀርመንና ከስካንዲናቪያ መጥተው ቤት ገዝተው የቀሩትም ጥቂት አይደሉም። የጉዞ ወኪሎች በራሪ ወረቀት ስለ እርሷ ሲጽፍ «የሙሮች መንደር» ማለትን ያዘወትራል። ለመሆኑ እነዚህ ሙሮች እነማን ነበሩ? ዛሬስ የት ናቸው? በራሪ ወረቀቱ እዚህ ላይ ሲደርስ ቃል ያጥረዋል።

«ሙር» የሚለው ስም ሮማውያን ለሰሜን ምዕራብ አፍሪቃ ሰዎች ከሰጡት «ማውሪ» ከሚል ስያሜ የወረደ ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን በዚህ ስም አይጠሩም ነበር፤ አገራቸውን «አል አንዳሉስ» ይሉ ነበር። በ711 ጣሪቅ ኢብን ዚያድ የተባለው የጦር አዝማች አብዛኛው በርበር የሆነ ሠራዊት አስከትሎ የባሕሩን ወሽመጥ ተሻገረ። ጂብራልታር የተባለው ቋጥኝ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው፤ ጀበል ጣሪቅ፣ የጣሪቅ ተራራ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በኋላ ሙር ተብሎ የተጠራው ሕዝብ ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ አልነበረም። ብዙው የዚያው አገር ገበሬ ሆኖ በትውልዶች ሂደት የሰለመና ዐረብኛ የለመደ ነው። የፍሪሂሊያና ስም እንኳ ዐረብኛ አይደለም፤ ፍሬክሲኒየስ ከሚባል ሮማዊ ባለርስት የመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። የሙሮች መንደር የሮማዊ ስም ይዛ ትኖራለች ማለት ነው። ይህን እዚህ ላይ የማነሣው ኋላ የሚመጣውን ነገር ለመረዳት ስለሚያግዝ ነው። «ወደ አገራችሁ ሂዱ» የተባለው ሕዝብ፣ አብዛኛው፣ ሌላ አገር አልነበረውም።

የሙሮችን ዘመን እንደ ገነት የሚተርኩ አሉ፤ ይህም ማጋነን ነው። በ1066 ግራናዳ ውስጥ አይሁድ ተጨፍጭፈዋል። በአልሞሐዶች ዘመን በአይሁድም በክርስቲያኖችም ላይ ከባድ ጫና ደርሷል። ነገር ግን በእርሻና በውሃ ረገድ ያቆዩት ሥራ የሚያከራክር አይደለም። ገደሉን እንደ ኮንሶዎች በድንጋይ ካብ እየቆረጡ እርከን አበጁ። ከተራራው ምንጭ ውሃ በቦይ እያወረዱ ለየማሳው በተራ አደረሱ። ቦዩን ስፔናውያን እስከ ዛሬ «አሴኪያ» ይሉታል፤ «አስ ሳቂያ» ከሚለው ዐረብኛ የወጣ ነው። ሸንኮራ አገዳን፣ ሩዝን፣ ለሐር ትል የሚሆነውን እንጆሪ ዛፍ ያስፋፉት እነሱ ናቸው። ወይናቸውን አድርቀው ዘቢብ ይነግዱ ነበር። በድሮው ስፓኝኛ ዘቢብ «አሴቢቤ» ይባል ነበር። ወይራንም «አሴይቱና» ይሉታል፤ የእኛ ዘይቱን ግን ሌላ ፍሬ መሆኑን ለጓደኛዬ ሳስታውሰው፣ መጀመሪያ ገበያ የወጣ ቀን ዘይቱን ጠይቆ ወይራ ይዞ እንደ ተመለሰ አጫወተኝ።

በ1487 ንጉሥ ፈርናንዶና ንግሥት ኢሳቤላ ቬሌስ ማላጋን ሲይዙ በዙሪያው ያሉት መንደሮች እጃቸውን ሰጡ፤ ፍሪሂሊያናም አንዷ ነበረች። በጥር 1492 የመጨረሻዋ የሙስሊሞች መንግሥት ግራናዳ ወደቀች። በዚያው ዓመት አይሁድ ከስፔይን ተባረሩ። ሙስሊሞቹ ግን በውል ነበር የገቡት። ሃይማኖታቸው፣ ሕጋቸው፣ ንብረታቸው እንደ ተጠበቀ እንዲኖር ነገሥታቱ ፈርመውላቸዋል።

ውሉ ዐሥር ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1499 ካርዲናል ሲስኔሮስ ግራናዳ መጥተው በገፍ ማጥመቅ ጀመሩ፤ የዐረብኛ መጻሕፍትም በአደባባይ ተቃጠሉ። ሕዝቡ ሲያምጽ «ውሉን ያፈረሳችሁ እናንተ ናችሁ» ተባለ። በ1502 በካስቲል ግዛት ያለ ሙስሊም ሁሉ ወይ እንዲጠመቅ ወይ እንዲወጣ ታዘዘ። አብዛኛው ተጠመቀ። ከዚህ በኋላ ስሙ ተለወጠና «ሞሪስኮ» ተባለ። በወረቀት ክርስቲያን ነው፤ በጎረቤቱ ዓይን ግን ገና ሙር ነው።

ዋናው መከራ የመጣው ከዚያ ስድሳ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው። በጥር 1 ቀን 1567 የንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፔ ዐዋጅ በግራናዳ ተነገረ። ሞሪስኮዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ዐረብኛ መናገርም መጻፍም እንዲያቆሙ፣ የሙር ስማቸውን እንዲተዉ፣ ልብሳቸውን እንዲለውጡ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን እንዳይሸፍኑና ሂና እንዳይቀቡ፣ የመታጠቢያ ቤቶቻቸው እንዲፈርሱ፣ ዓርብና በዓል ቀን የቤታቸው በር ክፍት ሆኖ እንዲውል ታዘዘ። የመጨረሻይቱን ትእዛዝ አንባቢ ቆም ብሎ ያስባት። መንግሥት ሰውየው ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚጸልይ ለማየት በሩን አስከፈተው።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ፍራንሲስኮ ኑኜስ ሙሌይ ይባላሉ፤ ሞሪስኮ ናቸው። በልጅነታቸው የግራናዳን የመጀመሪያ ሊቀ ጳጳስ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ለፍርድ ሸንጎው ፕሬዚደንት ለፔድሮ ዴ ዴሳ ያቀረቡት አቤቱታ ተጠብቆ ቆይቷል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሃይማኖት አይደለም፤ የየአገሩ ክርስቲያን ልብሱ የተለያየ ነው። ቋንቋም ሃይማኖት አይደለም፤ የማልታ ሰዎች ካቶሊኮች ሆነው ሳለ የሚናገሩት ዐረብኛ ነው። መታጠቢያ ቤት ለንጽሕና እንጂ ለስግደት አልተሠራም። ስማችን ከተወሰደ ደግሞ የዘር ሐረጋችን ይጠፋል፤ ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ያ ደጉ ሊቀ ጳጳስ በቅዳሴ ጊዜ ሳይቀር በዜማችን እንድናጅብ ይፈቅዱልን ነበር እያሉ የራሳቸውን ዕድሜ ምስክር አደረጉ። ከአራት መቶ አምሳ ዓመት በላይ አልፎት ሲነበብ እንኳ ክርክሩ አላረጀም። ፕሬዚደንቱ ግን ፍንክች አላሉም።

በ1568 የገና ዋዜማ ሌሊት በአልፑሃራስ ተራሮች ዐመፅ ፈነዳ። ዐመፀኞቹም ንጹሓን አልነበሩም፤ ቄሶችንና ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውን በጭካኔ ገድለዋል። የመንግሥቱ ወታደርም በመንደሮቹ ላይ ዘረፋና ግድያ አወረደ። ጦርነቱ ወደዚህ ተራራ የደረሰው በ1569 የጸደይ ወራት ነው። ከዙሪያው መንደሮች የሸሹ ሞሪስኮዎች ሴትና ልጆቻቸውን፣ ከብታቸውንና እህላቸውን ይዘው ከፍሪሂሊያና በላይ ባለው አምባ ላይ መሸጉ። መሪያቸው ኤርናንዶ ኤል ዳራ የሚባል ሰው ነበር። በግንቦት መጨረሻ ከማላጋና ከቬሌስ የመጣው ጦር አምባውን ሊሰብር ሞክሮ ተመለሰ። ከዚያ ሉዊስ ዴ ሬኬሴንስ ከኢጣልያ በመርከብ ያመጣቸውን የሠለጠኑ ወታደሮች ቶሮክስ ላይ አራገፈና በሰኔ 11 ቀን 1569 በአራት አቅጣጫ አስወጣ።

የሆነውን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ሉዊስ ዴል ማርሞል ካርቫሃል መዝግቦታል። የአምባው ሰዎች መሣሪያቸው ጥቂት ስለ ነበረ ቋጥኝ እያንከባለሉ ተዋጉ። ሴቶቹም ከወንዶቹ ጎን ተሰልፈው ድንጋይ ወረወሩ። አምባው ሲሰበር ከመማረክ ሞት ይሻላል ብለው ራሳቸውን ከገደል የወረወሩ ሴቶች ነበሩ። ሁለት ሺህ ያህል ሞሪስኮዎች ሞቱ፤ ሦስት ሺህ ያህል ተማረኩ። ከወገን ጦርም የሞተው በመቶዎች ይቆጠራል። ከአንድ ቀን ውጊያ በኋላ መንደሪቱ ባለቤት አልባ ሆነች።

በኅዳር 1570 የግራናዳ ግዛት ሞሪስኮዎች፣ ያላመፁትም ጭምር፣ በወታደር እየተነዱ ወደ መሐል አገር እንዲበተኑ ተደረገ። ቁጥራቸው ሰማንያ ሺህ ያህል እንደ ነበር ይገመታል፤ ብዙዎቹ በብርድና በበሽታ በመንገድ ላይ አለቁ። በመጨረሻም ከ1609 እስከ 1614 በሣልሳዊ ፊሊፔ ዐዋጅ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሞሪስኮዎች ከመላው ስፔይን በመርከብ ተጭነው ወደ ሞሮኮ፣ ወደ አልጄሪያና ወደ ቱኒዚያ ተጣሉ። ከእነሱ መካከል ዐረብኛ የማያውቁ፣ እንደ ክርስቲያን መስቀል የሚሳለሙ እንደ ነበሩ መርሳት አይገባም። እዚያ «ሙር» ተብለው የተባረሩት እዚህ «ክርስቲያን» ተብለው ተጠረጠሩ።

የዚህ ታሪክ ክር ሳይታሰብ ወደ እኛም ይዘልቃል። የፍሪሂሊያናን ጦርነት የጻፈው ማርሞል ስለ አፍሪቃ ሰፊ መጽሐፍ ደርሶ ነበር። የመጨረሻው ክፍል በ1599 እዚያው ማላጋ ሲታተም ኢትዮጵያንም የሚመለከት ምዕራፍ ይዞ ነበር። ሞሪስኮዎቹ በመርከብ በሚጫኑባቸው በእነዚያው ዓመታት ደግሞ ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት የተወደደ ሰው ነበር። ፓኤዝ በ1622 ሞተ። በእርሱ እግር የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግርዛቱን፣ የሰንበቱን አከባበር፣ የቅዳሴውን ሥርዐት በዐዋጅ ሊሽር ሲነሣ አገር በደም ተነከረ። ከብዙ እልቂት በኋላ በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዳግማዊ ፊሊፔና ሱስንዮስ የሠሩት ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ የሰውን ልማድ በዐዋጅ መንቀል። ልዩነቱ አንደኛው ንጉሥ የሞተውን ሰው አይተው ዐዋጃቸውን መሻራቸው፣ ሌላው ግን ሕዝቡን ራሱን መንቀሉ ነው።

ወደ መንደራችን እንመለስ። ባዶ የቀረውን ቤትና እርሻ ከሌላ የስፔይን ግዛት የመጡ ክርስቲያን ሰፋሪዎች ያዙት። ግዛቱ የማንሪኬ ዴ ላራ ቤተሰብ ሆነ፤ በ1630ም የፍሪሂሊያና ኮንት፣ በእነሱ አጠራር «ኮንዴ»፣ የሚል ማዕርግ ተሰጣቸው። ቤተሰቡ በመንደሩ መግቢያ ላይ ትልቅ ቤት አሠራ። ለግንቡ የዋለው ድንጋይ ከፈረሰው ከሊሳር ምሽግ የተጓዘ እንደ ሆነ ይነገራል። የተሸነፉት ሰዎች ግንብ ለአሸናፊው ቤት ድንጋይ አቀበለ ማለት ነው።

የታሪክ ምፀት ግን እዚህም ላይ አላቆመም። ያ ቤት ኋላ «ኤል ኢንሄኒዮ» የሚባል የሸንኮራ ፋብሪካ ሆነ። ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ጥቁርና ወፍራም ሽሮፕ ይፈላበታል፤ እነሱ «የሸንኮራ ማር» ይሉታል። ሸንኮራ አገዳ በዚህ የባሕር ጠረፍ ለዘመናት ከበቀለ በኋላ የስኳር ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘግተው በ2006 የመጨረሻው ምርት ተሰበሰበ። ኤል ኢንሄኒዮ ግን ማሩን መሥራቱን አላቆመም፤ በዋናው የአውሮፓ ምድር የዚህ ዓይነት የቀረ ብቸኛ ፋብሪካ ነው ይሉታል። የተጠበሰ ደበርጃን ላይ ይህ ማር ሲፈስበት ቀምሻለሁ። ጣዕሙ መጀመሪያ እንግዳ ይሆናል፤ ቆይቶ ግን ሌላ ያስጠይቃል። ደበርጃኑም ሸንኮራውም በሙሮች ዘመን እዚህ የለመዱ ተክሎች መሆናቸውን ያሰበ ሰው፣ ሳህኑ ላይ ያለው ግማሽ ታሪክ መሆኑን ያያል።

ፍሪሂሊያና ለጎብኚው ከምታሳየው ሁሉ እኔን የያዘኝ ቤቱም አበባውም አልነበረም። በባሪባርቶ ጠባብ መንገዶች ላይ፣ በነጩ ግድግዳ ውስጥ የተተከሉ 12 የሸክላ ሰሌዳዎች አሉ። በቀለም ሥዕልና በጽሑፍ የ1569ን ጦርነት ተራ በተራ ይተርካሉ። ጓደኛዬ ደረጃውን እየወጣን አንዱን ከሌላው እያስከተለ ያነብልኝ ነበር። መንደሩ የሚኖሩት ያሸነፉት ሰፋሪዎች ልጆች ናቸው። ሰሌዳው የሚናገረው ግን ስለ ተሸናፊዎቹ ነው፤ እንዴት እንደ ተገፉ፣ እንዴት እንደ መሸጉ፣ እንዴት እንዳለቁ። የዐመፀኛው መሪ የኤርናንዶ ኤል ዳራ ስም ደግሞ ለመንደሩ መንገድ ተሰጥቷል። ስማችሁን ተዉ የተባሉት ሰዎች አለቃ ስሙ ከግድግዳ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

«አሮጌው ምንጭ» በሚባለውና የኮንቶቹ ዓርማ በተቀረጸበት የ17ኛው ክፍለ ዘመን የውሃ ማደያ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኘን። ጓደኛዬ አስተዋወቀኝና ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲነግራቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አባቴ፣ እናንተ የሙሮቹ ዘር ናችሁ?» ብዬ በጓደኛዬ አፍ ጠየቅኋቸው።

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንጃ ልጄ» አሉ። «የኛ ሰዎች ከሌላ ቦታ መጥተው ነው ይባላል። ግን እኔ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ቦይ ስጠርግ የኖርኩት እነሱ በቆፈሩት ነው። ውሃው ተራ የሚደርሰን እነሱ ባወጡት መንገድ ነው። ዘራቸው ልሁን አልሁን አላውቅም፤ ሥራቸውን ግን ወርሻለሁ።»

ያ መልስ ብዙ የታሪክ መጽሐፍ ከሚለው ይበልጥብኛል።

ይህ መንደር ሌላም ቁስል አለበት። ከስፔይን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1940ዎቹ የጄኔራል ፍራንኮ መንግሥት ተቃዋሚዎች በእነዚሁ ተራሮች ሽምቅ ይዋጉ ነበር፤ በዚህ አካባቢ ትግሉ ያከተመው በ1952 ነው። ቀን ቀን ጠባቂው ጦር፣ ሌሊት ሌሊት ሽምቅ ተዋጊው ከገበሬው ደጅ ይመጣል። ዳቦ ለማን ሰጠህ ተብሎ የተገረፈና የተገደለ ገበሬ አለ፤ ከዳኸን ተብሎ በሽምቅ ተዋጊዎች የተገደለም አለ። ስለዚህኛው ጦርነት ፍራንኮ በ1975 እስኪሞት ድረስ ማንም በግልጽ አይናገርም ነበር፤ ከዚያም በኋላ አንደበት የተፈታው ቀስ በቀስ ነው። የአራት መቶ ዓመቱን ሐዘን ከግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የተጎዳዳበትን የትናንቱን ከመናገር ይቀላል።

በየዓመቱ በነሐሴ መጨረሻ ፍሪሂሊያና «የሦስቱ ባህሎች በዓል»ን ታከብራለች፤ የተጀመረው በ2006 ነው። የክርስቲያኖች፣ የሙስሊሞችና የአይሁድ ሙዚቃ ይሰማል፤ መንገዱ ገበያ ይሆናል፤ እንግዳው ከምግብ ቤት ምግብ ቤት እየዞረ ይቀምሳል። «ሦስቱ ሃይማኖቶች ተፋቅረው ይኖሩ ነበር» የሚለው የበዓሉ መንፈስ ከላይ ካየነው ታሪክ ጋር ሁልጊዜ አይጣጣምም። ሁለቱ የተባረሩበትን አገር የሦስት ባህል አገር ብሎ ማክበር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ በዓሉ ሲያሳምር፣ ሰሌዳዎቹ ደግሞ ደረጃው ላይ ቆመው እውነቱን ይናገራሉ። ሁለቱ በአንድ መንደር መገኘታቸው ለጎብኚው ጥሩ ነው። ለመዝናናት የመጣው ይዝናናል፤ ለማወቅ የመጣው ቆሞ ያነባል።

እኔም ስመለስ ያሰብኩት ስለ አገራችን የጎብኚ ቦታዎች ነው። አስጎብኚዎቻችን ግንቡን ማን እንዳሠራው፣ በስንት ዓመት እንዳለቀ አጥርተው ይነግሩናል። ድንጋዩን ማን እንደ ተሸከመው፣ እዚያ ቦታ ቀድሞ ማን ይኖር እንደ ነበር፣ ማን ተሸንፎ እንደ ሄደ ግን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ፍሪሂሊያና ይህን ብትናገር ጎብኚዋ አልሸሸም፤ እንዲያውም እኔን የመሰለው ደረጃውን ሁሉ ወጥቶ እስከ 12ኛው ሰሌዳ ያነባል።

ከመሄዳችን በፊት በሊሳር ቦይ ዳር ጥቂት በእግራችን ተጓዝን። ቦዩ ጠባብ ነው፤ ውሃው ግን ይፈጥናል። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ እጁን ነከረና «አሴኪያ» አለ። እኔም ነከርኩ። ውሃው የተራራ ውሃ ነው፤ ቀዝቃዛ ነበር።